ባቄላ ጨለማ ውስጥም ይበቅላል፦ ሳይንስ ለትንንሽ ልጆች አይሆንም ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከመምህር ወደ መምህር ሲቀባበል የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ራሳቸውን ጡረታ የወጡ መምህር ብለው ያስተዋውቃሉ። የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል የሚሰጠው አካባቢ ሳይንስ ይነሳ። ልጆች መጀመሪያ ማንበብና መደመር ይማሩ። ሳይንስ ከ5ኛ ክፍል ላይ፣ ቤተ ሙከራ ሲኖር፣ ያውም በእንግሊዝኛ ይጀመር። እስከዚያ ድረስ ማስተማር ካስፈለገም መጽሐፉን በቃል ማስያዝ ይበቃል፤ የድሮ ሰዎች የተማርነው እንደዚያ ነውና። የ12ኛ ክፍል ውጤት የወደቀውም ታችኞቹ ክፍሎች ጨዋታ ስለበዛባቸው ነው ይላሉ።

ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው። ብዙ ወላጅና ብዙ መምህር በልቡ የያዘውን ነገር ፊት ለፊት ማውጣታቸውም ጥሩ ነው። እኔ ግን የታችኛውን ክፍል ለዓመታት ያስተማርኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ነጥብ በነጥብ እሄዳለሁ። አንዳንዱ ላይ ቆየት እላለሁ፤ አንዳንዱን ቶሎ አልፈዋለሁ።

ከጠንካራው ነጥብ ልጀምር፤ ከንባብ። እዚህ ላይ ጸሐፊው፣ ጋሼ ልበላቸውና፣ እውነት አላቸው። የዓለም ባንክ ግምት እንደሚለው ኢትዮጵያ ውስጥ 10 ዓመት ገደማ ከደረሱ ልጆች 90 ከመቶ ያህሉ አንድ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። ይህን ቁጥር አይቶ የማይደነግጥ መምህር የለም። ግን ከዚህ ተነስተው ስለዚህ ሳይንሱ ይውጣ ሲሉ መሃል ላይ የዘለሉት ነገር አለ። ልጁ ማንበብ ያቃተው አካባቢ ሳይንስ ጊዜውን ስለወሰደበት ነው?

በታችኛው ክፍል እኮ ብዙ ቦታ ሁሉንም የሚያስተምረው አንድ መምህር ነው። አማርኛውንም፣ ሒሳቡንም፣ አካባቢ ሳይንሱንም። ሰልፍ ኮንቴይንድ የምንለው አሠራር። እንግዲህ መምህሩ አንድ፣ ክፍሉ አንድ፣ ልጆቹም እነዚያው ናቸው። ማን ከማን ጊዜ ይሻማል? በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ልጆቹ ባበቀሉት ባቄላ ላይ ያዩትን በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስነበብ ይቻላል። «ሰኞ። ምንም የለም። ሐሙስ። ነጭ ሥር ወጣ። ማክሰኞ። አንድ ጣት አደገ።» ይህን የ2ኛ ክፍል ልጅ ያነበዋል። ደግሞም የራሱ ነው፤ ያየውን ነው የሚያነበው። አንድ ፊደል ቢሳሳት እንኳ ያየው ነገር ይመልሰዋል። ያደገውን በማስመሪያ ሲለካና ከትናንቱ ጋር ሲያስተያይ ደግሞ መቀነስን ሠራ ማለት ነው።

ማንበብ የሚቸግራቸው ብዙ ልጆች አጋጥመውኛል። ከነሱ መካከል ፊደሉን የሚለዩ፣ ቃሉንም አስተካክለው የሚጠሩ አሉ። ምን አነበብክ ስትላቸው ግን ጸጥ ይላሉ። እነዚህ ልጆች ፊደል አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ስለምን እንደሚነበብ ማወቅ ነው። ስለ ትነት የተጻፈ አንቀጽ የሚገባው፣ የታጠበ ልብስ ሲደርቅ ውኃው የት ሄደ ብሎ አንድ ቀን ለጠየቀ ልጅ ነው። ሳይንሱን አውጥተን የንባብ ጊዜ ብንጨምር ልጁ የሚያነበው ስለምንድን ነው? ስለ አበበና ጫላ ኳስ ብቻ?

በዚያ ላይ አሁን ባለው ሥርዓተ ትምህርት 7ኛ ክፍል ላይ አጠቃላይ ሳይንስ ይጠብቀዋል። የጋሼን ሐሳብ ከተቀበልን ልጁ እዚያ የሚደርሰው በሁለት ዓመት ዝግጅት ነው።

ወደ ቤተ ሙከራው ልለፍ። ያለ ቤተ ሙከራ የሚሰጥ ሳይንስ ከተረት አይለይም ይላሉ። በጣም የምለያቸው እዚህ ላይ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ለማን ጋሼ ያስታውሷቸዋል ብዬ አስባለሁ። በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ውስጥ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዚያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚራባው በእነዚያ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። እንዶድ በሽታውን ለመከላከል ይጠቅማል የሚለው የብዙ ዓመት ምርምር የተነሳው ከዚህ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ያገኙትም በዚሁ ሥራ ነው። ቤተ ሙከራው በኋላ መጣ፤ ያለሱም አይሆንም ነበር። የቀደመው ግን ወንዝ ዳር ቆሞ እዚህ ጋ ብቻ ለምን ሞቱ ብሎ መገረም ነው። እርግጥ አክሊሉ የሠለጠነ ዓይን ነበራቸው። እኔና ጋሼን የሚያከራክረን ያንን ዓይን ማሠልጠን የሚጀመረው መቼ ነው የሚለው ነው።

አሁን ክፍል እንግባ። አንድ እፍኝ ባቄላ፣ ትንሽ ጥጥ፣ ከወገባቸው የተቆረጡ ሁለት ሃይላንዶች። ባቄላው ውኃ ውስጥ ይደር። ከዚያ በእርጥብ ጥጥ ይቀመጥና አንዱ መስኮት ላይ፣ ሌላው የመምህሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ይግባ። ውኃው ለሁለቱም እኩል ይሁን። ከሁሉ በፊት ግን ልጆቹ ይገምቱ። ጨለማ ውስጥ ያለው ይበቅላል ወይስ አይበቅልም? እጅ ያውጡ፤ ቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ይህችን ግምት ከዘለልናት የቀረው ሁሉ ትርኢት ነው የሚሆነው። ልጁ ከወዲህም ከወዲያም ሳይቆም ያያል፣ ያጨበጭባል፣ ይረሳል። ገምቶ ከሆነ ግን የራሱ ነገር አለበትና በየቀኑ ቁም ሣጥኑ ይከፈት እያለ ይነዘንዛል።

አብዛኛው ልጅ አይበቅልም ይላል። መጽሐፉ ተክል ለማደግ የፀሐይ ብርሃን ያስፈልገዋል ብሎ አስተምሮታላ። ከሳምንት በላይ ቆይቶ ሲከፈት ባቄላው በቅሏል። መብቀል ብቻ ሳይሆን የመስኮቱን ባቄላ በቁመት በልጦታል። ግን ገርጥቷል፣ ወደ ቢጫ ሄዷል፣ ቀጥ ብሎ መቆምም ያቅተዋል። ያን ጊዜ የሚነሳው ጫጫታ ከጎረቤት ክፍል መምህር ጋር ያጣላል፤ እሱን አልክድም።

አንዷ ልጅ ብድግ ብላ እናቴ ብቅል ስታበቅል ሸፍና ነው ትላለች። እውነትም ነው። ለጠላ የሚሆን ገብስ ተሸፍኖ ነው የሚበቅለው፤ ፀሐይ ላይ የሚሰጣው ከበቀለ በኋላ ሊደርቅ ነው። እንግዲህ ዘሩ ከቤቱ ስንቅ ይዞ ወጥቷል ማለት ነው። ስንቁ እስኪያልቅ ያለ ብርሃን ይዘልቃል፤ ብርሃን ፍለጋም ይንጠራራል። ስንቁ ሲያልቅ ብርሃን ካላገኘ ይሞታል። መጽሐፉ አልዋሸም። ልጁ ግን አሁን መጽሐፉ ካለው በላይ ያውቃል። የወጣው ወጪ ደግሞ የንፍሮ እንኳ አይሆንም።

መጽሐፍ ካነሳን አይቀር። ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል ያልተባለ ልጅ አለ? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። እዚህ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከዚያም ያንሳል። 100 የሚሞላው ባሕር ጠለል ላይ ነው፤ ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ስለሆነ እዚያ ጥቂት ይበልጣል። ምክንያቱ የአየር ግፊት ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይቀንሳል፣ ውኃውም በአነስተኛ ሙቀት ይፈላል። ባቄላና ሽንብራ ደጋ ላይ ለመብሰል የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። እኛ ግን ልጁን 100 አስብለን 10 ከ10 እንሰጠዋለን። ቤተ ሙከራ ቢሠራልን እንኳ ልጁ 92 ሲያነብ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል እንዳንለው ነው የምፈራው።

ሌላም ልጨምር። ለዚህኛው አንድ ዱላና ሜዳ ይበቃል። ዱላውን ቀጥ አድርጎ መትከል፣ ከዚያ ጥላው በጣም በሚያጥርበት ሰዓት ጫፉ ላይ ድንጋይ ማስቀመጥ። አዲስ አበባ ላይ ይህ ሰዓት ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20 አካባቢ ነው። ታኅሣሥ ላይ ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል። ግንቦት ላይ ወደ ደቡብ። በመካከሉ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ ፀሐይ አናት ላይ ትሆንና ጥላው ዱላው ሥር ገብቶ ይጠፋል። ይህን አውሮፓ ያለ ልጅ አገሩ ላይ ሆኖ በፍጹም አያየውም። እኛ ጋ ያለው ልጅ በዓመት ሁለት ጊዜ ያገኘዋል፤ ሁለተኛው ነሐሴ ማለቂያ ላይ ነው፣ ትምህርት ስለተዘጋ ያመልጠናል። ከዚህ ሌላ ጥያቄ ይመዘዛል። ሰኔ ላይ ፀሐይ ከታኅሣሥ ይልቅ ለአናታችን ቅርብ ከሆነች ክረምቱ ለምን ይበርዳል? መልሱ ደመናውና ዝናቡ ላይ ነው። 4ኛ ክፍል ይህን ካልጠየቀ መቼ ሊጠይቅ ነው?

ስለ ቋንቋው። ሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሳይንስ ሲጀመር በእንግሊዝኛ ይጀመር ይላሉ ጋሼ። ልጃቸውን የግል ትምህርት ቤት የሚልኩ ወላጆች ብዙዎቹ እዚህ ላይ ያጨበጭቡላቸዋል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ነው ያለው። በየሰፈሩ የምናየው ግን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ሳይንስ ነው። ልጁ ቤት ይመጣና «ፎቶሲንተሲስ ኢዝ ዘ ፕሮሰስ ባይ ዊች ግሪን ፕላንትስ…» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይወጣዋል። ቤተሰቡ በኩራት ይተያያል። እና በረንዳው ላይ ያለው አበባ ምግቡን ከየት ነው የሚያገኘው ብለህ ጠይቀው። «ከአፈር» ይልሃል። አሁን የወጣው ዓረፍተ ነገር እኮ አይደለም ነበር የሚለው።

ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ አስጠንቶ በ2006 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀ ጥናት አለ። የ8ኛ ክፍል ውጤት ሲታይ ሳይንስና ሒሳብን እስከ 8ኛ ድረስ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩት የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ምክንያቱ ሩቅ አይመስለኝም። ለመገመት፣ አይደለም ብሎ ለመከራከር፣ ቆይ ተሳስቻለሁ ብሎ ለመመለስ ቋንቋ ያስፈልጋል። የ8 ዓመት ልጅ ይህን የሚያደርገው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ ነው፤ ቤቱ በሚናገረው። እንግሊዝኛው እንደ ቋንቋ ይሰጥ፤ በደንብ ይሰጥ። እሱ ላይ ከጋሼ ጋር አንጣላም።

በቃል ስለመያዝ ያሉት ላይ ደግሞ ግማሹን እቀበላለሁ። ፊደልም የማባዣ ሠንጠረዥም በቃል ካልተያዘ አይሆንም። ግን እኛ በሽምደዳ ተምረን ለዚህ በቃን የሚለው ክርክር ይቅርብን። ያኔ ትምህርት ቤት የገባው ጥቂት ልጅ ነበር። ከገባውም እስከ መጨረሻው የዘለቀው ጥቂቱ ነው። የደረሱትን ቆጥሮ ዘዴውን ማመስገን መንገድ ላይ የቀሩትን ሁሉ አለመቁጠር ነው።

ልጅ ይሞክር ማለት ጊዜ ማባከን ነው ለማለትም «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለዋል። ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሊጡን የሚያኮመጥጠው እርሾው ነው፤ የአቡኪው ዕድሜ አይደለም። እንዲያውም ተረቱ ጥሩ ሙከራ ነው የሰጠኝ። ሁለት ኩባያ የጤፍ ሊጥ ይበጥበጥ፤ አንዱ እርሾ ይግባበት፣ አንዱ አይግባበት። ልጆቹ እርሾ የሌለው ባለበት ይቀራል ብለው ይገምታሉ። ቀናት ሲቆይ ግን እሱም ዘግይቶ አረፋ ያወጣል፣ ይኮመጥጣል። ረቂቅ ተሕዋስያኑ ዱቄቱ ላይም ስላሉ ነው፤ እርሾው ብዛታቸውን ጨምሮ ያፋጥነዋል እንጂ ከባዶ አይጀምርም። የእንጀራ ዓይንም ከዚሁ ይመጣል፤ ሊጡ ውስጥ የተፈጠረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምጣዱ ላይ ሙቀት ሲነካው ቀዳዳ እያበጀ ይወጣል። ቤቷ ሄዳ ይህን ለእናቷ የምታስረዳ ልጅ ለራት የሚበቃ ነገር አቡክታለች።

ሆኖም ሌላኛው ጽንፍም አለ። ዕቃ በትኖ እናንተው ፈልጋችሁ አግኙት ብሎ ወንበር ላይ መቀመጥ። ይህ በአሳታፊ ዘዴ ስም ሲደረግ አይቻለሁ። 1 ለ 5 ተደራጅተው ተቀምጠው አንዱ ጎበዝ ይጽፋል፣ የቀሩት እርሳስ ይቀርጻሉ። ጋሼ ጨዋታ ያሉት ይህንን ከሆነ ልክ ናቸው። ልጅ ብቻውን ኒውተን አይሆንም። መምህሩ ጥያቄውን መርጦ፣ ሁለቱን ኩባያ አስተካክሎ፣ መጨረሻ ላይም ነገሩን በግልጽ ማስረዳት አለበት።

የ12ኛ ክፍሉን ነገር ብዙ አልቆይበትም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው፤ በቀጣዩም ዓመት እዚያው አካባቢ ነበር። በ2014 ግን ፈተናው ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰጥቶ ኩረጃው ስለተዘጋ የቆየው ጉድ ነው የታየው። ከሁሉም በላይ እነዚያ ልጆች ታችኛው ክፍል ላይ ኖት ሲገለብጡ እንጂ ባቄላ ሲያበቅሉ አላደጉም። ብዙ ሙከራ ስለሠሩ ወደቁ ለማለት መጀመሪያ ሙከራ የሠሩበት ክፍል ይፈለግ።

ለጊዜው ቪዲዮ ይታይላቸው የሚለውን የጋሼን ሐሳብማ ሞክረነዋል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ፕላዝማ፣ ማለትም ትምህርት የሚሰራጭበት ቴሌቪዥን፣ ገባላቸው። ፕላዝማው ተማሪ እጅ ሲያወጣ አይቶ አይቆምም ነበር፤ የክፍሉ መምህርም ቁጭ ብሎ እንደ ተማሪው ያይ ነበር። ለ7 ዓመት ልጅም ቢሆን ቪዲዮ ከዚህ የተሻለ አይሠራም።

አሁን ጋሼ ሳይነኩት ያለፉት ነገር አለ፤ መምህሩ ራሱ። ሁሉንም ትምህርት የሚያስተምር የ3ኛ ክፍል መምህር ኮሌጅ ሳለ ራሱ በኖት ነው የተማረው። ባቄላው ጨለማ ውስጥ ለምን እንደረዘመ ልጅ ቢጠይቀው ይደነግጣል። መልሱን ካላወቀ ክፍሉ ፊት የሚዋረድ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ጥያቄ የሚያመጣ ነገር አለመጀመር ይሻለዋል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሱፐርቪዥን የሚመጣው ሰው የሚያየው የትምህርት ዕቅዱ መሞላቱን ነው፤ ልጆቹ ምን ጠየቁ የሚል የለም። መርጃ መሣሪያ ተብሎ በካርቶን የተሠራ ልብና ሳንባ ፔዳጎጂካል ሴንተሩ ውስጥ አቧራ ይጠጣል፤ እንግዳ ሲመጣ ይወለወላል። በዚህ ላይ 60 እና 70 ልጅ የታጨቀበት ክፍል አለ። እዚያ ውስጥ 12 ቡድን መምራት የሚችል ካለ ኮፍያዬን አወልቃለሁ። እኔ የማውቀው የሚሠራ መንገድ ሙከራውን ጠረጴዛ ላይ አንድ ብቻ አድርጎ፣ ግምቱን ግን ከሁሉም ልጅ መቀበል ነው። ዕቃው አንድ ቢሆንም እጅ ማውጣት ግን ወጪ የለውም።

ለመምህሩ የሚያስፈልገው ወፍራም ማንዋል አይደለም። በየሴሚስተሩ ጥቂት የተመረጡ ሙከራዎች፣ እሱ ራሱ አስቀድሞ የሞከራቸው፣ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚገምቱት ስህተትና የስህተቱ ምክንያት አብሮ የተጻፈባቸው። ሥልጠናውም አዳራሽ ውስጥ ስላይድ ማየት ሳይሆን ባቄላውን እዚያው ማብቀል ይሁን። ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ይፍጅ።

ከዚህ ሁሉ ጋር ፈተናው ካልተነካ ግን የምንለፋው በከንቱ ነው። አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ዘርዝር የሚል ፈተና እስካለ ድረስ ወላጅም መምህርም አጥና ነው የሚለው፤ አይፈረድባቸውም። ጋሼ የቀረ ጉልበታቸውን አካባቢ ሳይንስን ከማሰረዝ ይልቅ እዚህ ላይ ቢያውሉት ደስ ይለኛል። ለ4ኛ ክፍል ለምሳሌ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «ሁለት እኩል ኩባያ ውኃ ፀሐይ ላይ ዋለ። አንዱ ተከድኗል፣ አንዱ ክፍት ነው። ማታ ላይ የትኛው የበለጠ ይጎድላል? ለምን? ግምትህ ልክ መሆኑን እንዴት ታረጋግጣለህ?» ለመጀመሪያው 1 ነጥብ፣ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው 2፣ 2። የ70 ልጅ ወረቀት እንዲህ ማረም እንደሚያደክም አውቃለሁ። በየፈተናው እንዲህ ያለ አንድ ጥያቄ ብቻ ይግባ፤ የቀረው ምርጫና እውነት ሐሰት ይሁን።